ቀላሉ ዓመት በሚልዳ

ሃርፐር ሆሎው፣ ሚዙሪ
ኦክቶበር 5 ቀን 1997

ይድረስ ለእህቴ የልጅ ልጅ፣ ለማርላ፤

ይህ ደብዳቤ በጤና ያግኝሽ። እግዚአብሔር እጆችሽን ይባርክ፤ ዓይንሽንም ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ ይጠብቅልሽ። እኔ ጉልበቴን፣ ቀኝ ትከሻዬንና ጎረቤቴን ቢውላን ካልቆጠርሽ ደህና ነኝ።

የምጽፈው ራሴ ነኝ። ስድሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሲጽፍልኝና ሲያነብልኝ ኖሬአለሁ፤ ይበቃል። ወይዘሮ ፕሩት በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ፊደል ካስተማረችኝ አምስት ዓመት ሆነ፤ ዛሬም ረጅም ቃል ሲመጣብኝ ላብ ያጠምቀኛል። ስለዚህ ስትጽፊልኝ ፊደሎቹን አታያይዢ። ያለፈው ደብዳቤሽ ዶሮ የጫረችው ነበር የሚመስለው። ሐኪም ሳትሆኚ የሐኪም ጽሕፈት ተምረሻል።

እናትሽ ሎሬን በስልክ እንደነገረችኝ በሜይ ትመረቂያለሽ። ከዚያ አንድ ዓመት ኢንተርን ሆነሽ ሆስፒታል ውስጥ ትሠሪያለሽ፤ የትኛው ሆስፒታል እንደሚሆን ደግሞ አንቺ ትመርጫለሽ አለችኝ። ዲትሮይት ያለው ትልቁ ሆስፒታል ጠርቶሽ አነጋግሮሻል አሉ። እኔም እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ማርላ ዲትሮይት ልትሄድ ነው» ብዬ ተናግሬአለሁ። ቢውላ ዝም ብላ የምታሳልፍ መሰለሽ? «የኔም የልጅ ልጅ ባንክ ውስጥ ነው» አለች። «ባንክ ውስጥ ምን ይሠራል?» ስላት «በሩ ላይ ይቆማል» አለች። ስለዚህ አደራ፣ እንዳታሳፍሪኝ።

ከናታችን ልጆች ትምህርት ቤት የጨረሰችው አያትሽ ናዲን ብቻ ናት። እሷ የጨረሰችው እናታችን ስትሞት እኔ የሁለተኛ ክፍል ደብተሬን አስቀምጬ ድስት ስለያዝኩ ነው። ይህን የምልሽ ለወቀሳ አይደለም። ለወቀሳም ነው።

ነጭ ካፖርትሽን ለብሰሽ የተነሳሽውን ፎቶ ላኪልኝ። ቢውላ መነጽሯን ባታደርግም የሚታያት ትልቅ ይሁን።

አክስትሽ አርዴላ ስፐርሎክ


ከርክስቪል፣ ሚዙሪ
ኖቬምበር 2 ቀን 1997

ለተከበሩ አክስቴ ለአርዴላ፤

ሰላምና ዕድሜ ይስጥልኝ። ጉልበትዎንና ትከሻዎን ይማርልኝ፤ ስለ ቢውላ ግን መድኃኒት አልተማርንም።

ዘግይቼ ስለመለስኩ ይቅር ይበሉኝ። እንዳዘዙኝ አንዱንም ፊደል አላያያዝኩም፤ እጄ ልማዱን ትቶ እንደገና አንደኛ ክፍል የገባ መስሎታል።

ሁለቱንም ሆስፒታሎች ሄጄ አይቻለሁ። የዲትሮይቱ ስድስት መቶ አልጋ አለው። ኢንተርኑ በየሦስት ቀኑ እዚያው ያድራል፣ በማግሥቱም ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ያስጎበኘኝ ልጅ አሳንሰር ውስጥ ገብተን አራተኛ ፎቅ እስክንደርስ ግድግዳ ተደግፎ አሸለበ። ጎበዞች ናቸው፤ የማያዩት በሽታ የለም።

ሁለተኛው ሚልዳ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው፤ አርባ አልጋ። በወር አራት ቀን ብቻ ነው የሚታደረው። ረቡዕ ከሰዓት ሙሉው በእጅ ለማከም የተሰጠ ነው፤ ለአንድ ታካሚ አርባ አምስት ደቂቃ። እኛ ኦስቲዮፓቶች መድኃኒቱንም ቀዶ ሕክምናውንም እንደማንኛውም ሐኪም ብንማርም፣ በእጅ መዳሰስና ማቃናት የኛ የተለየ ትምህርት ነው፤ በትልልቆቹ ሆስፒታሎች ግን ለዚህ ጊዜ ያለው ሰው የለም። የሚልዳው ኃላፊ ዶክተር ሆልኮም ሰባ አልፏቸዋል፤ ቢሮ የሚቀመጡት ጫማቸውን አውልቀው ነው። «ኢንተርኖችዎን በዋናነት ምን ያስተምሯቸዋል?» ብላቸው «ምሳ መብላት» አሉኝ።

ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ቦታ «ቀላል ዓመት» ይሉታል። ከዚያ በኋላ የምገባበት ሙያ፣ መራመድ የጠፋባቸውን ሰዎች መልሶ ማስተማር፣ በሁለቱም በኩል ይደረስበታል። ምርጫችንን በቅደም ተከተል ጽፈን በጃንዋሪ አጋማሽ እንልካለን፤ ሆስፒታሎቹም የነሱን ይልካሉ፤ ኮምፒዩተር ያጣምረናል። ካጣመረን በኋላ መመለስ የለም። ሚልዳን አንደኛ አድርጌ ልጽፍ አስቤአለሁ።

ፎቶውን ልኬአለሁ። ከዚህ የሚተልቅ የለም።

ማርላ


ሃርፐር ሆሎው
ኖቬምበር 9 ቀን 1997

ማርላ፤

ጤና ይስጥሽ፤ ማስተዋልም ይጨምርልሽ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያልገባኝ ቃል ያለ መስሎኝ ነበር። ሁሉም ገብቶኛል።

በወር አራት ቀን! ሆስፒታል ነው ወይስ ጡረታ ቤት? ለምሳ የሚያሠለጥን ሐኪም በዕድሜዬ አልሰማሁም። ያ ሽማግሌ ጫማውን ያወለቀው ሊተኛ ነው። አንቺ በአሥራ ሁለት ዓመትሽ አባትሽ ጀርባው የተሰበረ ጊዜ አርባ ላም ብቻሽን ስታልቢ የከረምሽ ልጅ ነሽ። አሁን ምን አገኘሽ? ወንድ ነው? ወንድ ከሆነ ንገሪኝ፤ በወንድ የተበላሸ ዕድሜ ስለማውቅ ቢያንስ ይገባኛል።

እኔ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሜ ሠርቻለሁ። ወንበር አልነበረም። ቢኖርም አልቀመጥም ነበር። ፎርማኑ «አርዴላ ትሠራዋለች» ሲል ሠርቼዋለሁ። ከባዱ እያለ ቀላሉን የመረጠ ሰው በቤታችን የለም፤ ስለማናውቀው ሳይሆን ስለምናፍር ነው።

ፎቶሽን ቢውላ አይታዋለች። «ፊቷ ደከም ብሏል» አለች። ምቀኝነት ነው አልኳት።

አክስትሽ አርዴላ


ከርክስቪል
ዲሴምበር 21 ቀን 1997

ለአክስቴ ለአርዴላ፤

መልካም ገና ይሁንልዎ። ቤትዎ ይሙቅ፤ እንጨትዎ አይለቅ።

የላኩልኝ ለውዝና የሰፉልኝ ብርድ ልብስ ደርሰውኛል። ብርድ ልብሱን ያየች ሁሉ ዋጋውን ትጠይቀኛለች።

እዚህ ብዙ በረዶ ጥሏል። ማክሰኞ ጀምሮ ሐሙስ ነው ያባራው። ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ ሁለት ጊዜ ተጠርጎ ሁለት ጊዜ ተሸፍኗል። ዛፎቹ ጎንበስ ብለዋል። የጎረቤቴ ውሻ እስከ ሆዱ ይሰምጣል። ዛሬ ደግሞ ፀሐይ ወጥታ ዓይን አላስገልጥ ብላለች።

ወንድ የለም።

ማርላ


ሃርፐር ሆሎው
ጃንዋሪ 4 ቀን 1998

ማርላ፤

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልሽ፤ እውነቱን የምትናገሪበትም ይሁን።

ስለ በረዶ ግማሽ ገጽ ጻፍሽ። አያትሽ ናዲንም የሆነ ነገር ስትደብቀኝ ስለ አየር ነበር የምትጽፍልኝ። ጎረቤት ያነብልኛል፤ እኔም ስንት ዝናብ እንደዘነበ ሰምቼ እህቴ ምን እንደሆነች ሳላውቅ እቀራለሁ። አሁን ራሴ ስለማነብ የተሻለ ነገር አገኛለሁ ብዬ ነበር።

ምን እንደሚያደርግሽ አልጠይቅሽም። ምርጫሽን የምትልኪበት ቀን እንደደረሰ ግን አውቃለሁ፤ ቀን መቁጠሪያዬ ላይ አክብቤበታለሁ። እኔም የበኩሌን አድርጌአለሁ። ምን አደረግሽ ብለሽ አትጠይቂኝ። ለበጎሽ ነው።

ፎቶም ሌላም ነገር አልፈልግም። መልስ ብቻ ላኪልኝ።

አርዴላ


ከርክስቪል
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1998

ለአክስቴ ለአርዴላ፤

ሰላም ለርስዎ፤ ይህን ሲያነቡ ተቀምጠው ይሁን።

ውጤቱ ዛሬ ወጣ። ሚልዳ ደርሶኛል።

ከሰዓት ዶክተር ሆልኮም ራሳቸው ደወሉልኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ። አሁን ሁሉም ስላለቀ ልነግርሽ እችላለሁ፤ ስላንቺ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር» አሉኝና በስልክ አነበቡልኝ። ደግመው እንዲያነቡልኝ ለምኜ ቃል በቃል ጻፍኩት፦

«ለዶክተር ሆልኮም። ጤና ይስጥልኝ። ማርላ ጄንትሪ የምትባል ልጅ እርስዎ ጋ ለመምጣት ታስባለች። አይቀበሏት። ክፉ ሆና አይደለም። በአሥራ ሁለት ዓመቷ አባቷ ሲታመም አርባ ላም ጠዋትና ማታ ለአምስት ወር ብቻዋን አልባለች፤ አንድ ቀን አልቀረችም፤ ከትምህርት ቤትም አልቀረችም። ድመቴን መኪና ሲገጫት እግሯን በእርሳስ ደግፋ አስራ አድናታለች። እንዲህ ያለች ልጅ ማረፊያ ቤት አያስፈልጋትም። እርስዎ ሰነፎቹን ይውሰዱ። በአክብሮት፣ አርዴላ ስፐርሎክ።»

አክስቴ፣ ምን አስበው ነው? እንዲህ ያለ ደብዳቤ እኮ ሰው አይጽፍም! መጀመሪያ ከእፍረት የተነሳ ስልኩን ልዘጋው ነበር። ከዚያ እሳቸው ምን አሉ፦ «ሠላሳ ዓመት የድጋፍ ደብዳቤ ሳነብ ኖሬአለሁ። ሁሉም ‹ታታሪ ናት› ይላል፤ ላሞቹን የቆጠረ ግን የለም። ሦስተኛ አድርጌሽ ነበር፤ ያን ቀን አንደኛ አደረግኩሽ።» ያስገቡኝ እርስዎ ነዎት። ሳቄን ማቆም አቃተኝ። እያሳቀኝም አለቀስኩ፤ ስለዚህ የደበቅኩትን ልንገርዎ። በስልክ የማልነግርዎ ድምፄን እንዳይሰሙት ነው።

ያለፈው ማርች ሆስፒታል ውስጥ በልምምድ ላይ ሳለሁ ሠላሳ ሁለት ሰዓት ሠርቼ ጠዋት ወደ ቤቴ ስነዳ፣ በ63 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ተኛሁ። ዓይኔን ስገልጥ መኪናዬ ሜዳ መሐል ቆማለች፤ የአጥር ሽቦ በመስተዋቷ ላይ ተጠምጥሟል፤ አንዲት ላም በመስኮት ታየኛለች። ጭረት እንኳ አልነበረኝም። ገበሬው በትራክተር ጎትቶ አወጣኝ። «ከሆስፒታል ነሽ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «አምናም አንድ አውጥቻለሁ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። ያስፈራኝ አጥሩ አይደለም። ከመውጣቴ በፊት የአንድ ሽማግሌ የመድኃኒት ወረቀት ሞልቼ ነበር። ደውዬ አረጋገጥኩ፤ ትክክል ነው አሉኝ። እኔ ግን እንደጻፍኩት አላስታውስም። የኔ ጽሕፈት ነው፤ የኔ ስም ነው፤ የጻፈችው ሴትዮ ግን እዚያ አልነበረችም።

ሌሎች ይችሉታል። እኔ እንደማልችል አየሁ። ቀላሉን ዓመት የመረጥኩት ለዚህ ነው። ካፈሩብኝ አልፈርድብዎትም።

ማርላ


ሃርፐር ሆሎው
ማርች 15 ቀን 1998

ይድረስ ለማርላ፣ ለልጄ፤

ሰላም ላንቺ። ትራክተሩ ያለውን ገበሬ እግዚአብሔር ይስጠው፤ ያቺንም ላም።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራቴም ምድጃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ለዚህ ነው የዘገየሁት። ተቆጥታ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። ተቆጥቻለሁ፤ ባንቺ ግን አይደለም።

ግራ እጄ ላይ የጎደሉትን ሁለት ጣቶች ታውቂያቸዋለሽ። ልጅ ሆነሽ «የት ሄዱ?» ስትዪኝ «እንጨት ስፈልጥ መጥረቢያው በላቸው» እልሽ ነበር። ለናዲንም፣ ኋላ ላገባሁት ባልም ያልኩት ይህንኑ ነው።

እንጨት አልፈለጥኩም። ዲሴምበር 1961 ነው። ለገና የታዘዘው ጫማ በዝቶ ሁለት ፈረቃ አከታትለን ስንሠራ ሦስተኛ ቀናችን ነበር። ሌሎቹ «አንችልም» ብለው ሄዱ። ፎርማኑ «አርዴላ ትሠራዋለች» አለ። ቆሜ ተኛሁ። ሶል የሚቆርጠው ማሽን ግን አልተኛም።

በማግሥቱ ፎርማኑ አልጋዬ ድረስ ወረቀት ይዞ መጣ። «ምን ይላል?» አልኩት። «መጎዳትሽን ይላል፤ እዚህ ላይ ምልክት አድርጊ» አለኝ። ስሜን መጻፍ ስለማልችል መስቀል አደረግኩበት። ድኜ ወደ ፋብሪካው ስመለስ ሰዉ ሁሉ ቤቴ እንጨት ስፈልጥ እንደተቆረጥኩ ሰምቷል። ያዩት ሁለት ሴቶች እንጀራቸውን ፈርተው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ቆማ ተኛች ከሚሉኝ መጥረቢያው ተሻለኝ። ያንኑ ውሸት ለሠላሳ ስድስት ዓመት የራሴ አድርጌ ስናገረው ኖርኩ።

ፊደል በተማርኩ በሁለተኛው ክረምት ፎርማኑ የተወልኝን የዚያን ወረቀት ቅጂ ካስቀመጥኩበት የቆርቆሮ ሣጥን አወጣሁት። ያለ ወይዘሮ ፕሩት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዬን ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። «ሠራተኛዋ በቤቷ እንጨት ስትፈልጥ በራሷ ጥንቃቄ ጉድለት ተጎዳች» ይላል። ከሥሩ የኔ መስቀል አለ። ሌላው ሰው ማንበብ ሲችል መጀመሪያ የሚያነበው መዝሙረ ዳዊት ነው አሉ።

ቆርቆሮውን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወረወርኩት። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ትከሻዬ ስለተያዘ አላወረድኩትም። በግራዬ እንዳላወርደው በሦስት ጣት ቆርቆሮ አይጨበጥም፤ ወንበር ላይ እንዳልወጣ ጉልበቴን ታውቂዋለሽ። ሰው አውርድልኝ ካልኩ ደግሞ «ምንድን ነው?» ይለኛል።

እና ያች አልተቀመጥኩም እያለች የምትኮራብሽ ሴትዮ ይቺ ናት። የሚያኮራ ነገር ስለሌለኝ መቆሜን ነበር የያዝኩት።

ሚልዳ ሂጂ። ምሳ ብዪ። ተኚ። ስትጽፊ የምትጽፈው አንቺ ሁኚ።

ለዶክተር ሆልኮም የጻፍኩትን ግን መልሼ አልወስደውም። ላሞቹ እውነት ናቸው።

አክስትሽ አርዴላ


ሚልዳ፣ ሚዙሪ
ኦገስት 30 ቀን 1998

ለውድ አክስቴ ለአርዴላ፤

ሰላምዎ ይብዛ፤ ጤናዎ እንደ ምላስዎ ይጠንክር።

ደብዳቤዎን ብርድ ልብሱ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ምን ብዬ እንደምመልስ እስካውቅ ጊዜ ወሰደብኝ፤ አሁንም አላውቅም። ስለዚህ ያለሁበትን ልንገርዎ።

ሁለት ወር ሆነኝ። እተኛለሁ። ጠዋት የምነቃው ሕልም አይቼ ነው፤ ሕልም ካየሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። ምሳ ላይ ዶክተር ሆልኮም ሁላችንንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡናል፤ ሳህኑን ሳይጨርስ የተነሳ ተመልሶ ይቀመጣል። ሥራው ያን ያህልም ቀላል አይደለም፤ ባለፈው ሳምንት በአንድ ቀን ሁለት ልጅ አዋልጃለሁ። ልዩነቱ፣ ሁለቱም ምን እንደሚመስሉ አስታውሳለሁ። አንዱ የከተማውን ቄስ፣ የቄስ ሆልደርን የመሰለ ጆሮ ይዞ ነው የተወለደው፤ አባትየው ቄስ ሆልደር ስላልሆኑ ግን ዝም ብያለሁ።

ረቡዕ ረቡዕ በእጄ አክማለሁ። መጀመሪያ ላይ እጄ ይቸኩል ነበር። ዶክተር ሆልኮም እጃቸውን እጄ ላይ ጭነው «ቆይ፣ እሷ ትንገርሽ» ይሉኛል። እሷ የሚሉት የታካሚዋን ትከሻ ነው።

በየሳምንቱ «ያቺ ሴትዮ ሰነፎቹን መቼ ነው የምትልክልኝ?» ብለው ይጠይቁኛል። ይምጡና ይመልሱላቸው። ረቡዕ ኦክቶበር 7 ቀን ከሰዓት ለአንድ ትከሻ አርባ አምስት ደቂቃ ይዣለሁ። ታካሚዋ ካልመጣች ባዶ ይቀራል።

የርስዎ ማርላ


ሃርፐር ሆሎው
ኖቬምበር 22 ቀን 1998

ይድረስ ለልጄ ለዶክተር ማርላ፤

ሰላም ለእጆችሽ። ሌላውም ሰውነትሽ ደህና ይሁን።

ከጎበኘሁሽ ወዲህ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት የምጽፈው ነገር እስኪኖረኝ ነው። ቢውላ እስከ ዛሬ ስለዚያ መንገድ ታወራለች። አራት ሰዓት ተኩል ሙሉ እሷ ስትነዳ መቀመጥ ራሱ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ አንቺ ደግሞ ትከሻዬን ብቻ ነው ያየሽው።

ሐኪምሽን ነግሬዋለሁ፤ ካልሲው ቀዳዳ አለው። «ሰነፎቹን ይዘሽልኝ መጣሽ?» ሲለኝ ወደ ቢውላ ጠቆምኩት። ምሳ አበላን፤ የፖም ኬኩ ደህና ነበር፣ ትንሽ ቀረፋ ያንሰዋል። ኬኩን ጨርሼ ልነሳ ስል «ተቀመጪ፣ ቡናሽ አላለቀም» አለኝ። ተቀመጥኩ። እንዲህ ብሎኝ የተቀመጥኩለት ወንድ የለም።

እጅሽን ትከሻዬ ሥር አድርገሽ ዝም ስትዪ ጊዜ «መቼ ነው የምትጀምሪው?» አልኩሽ። «ጀምሬአለሁ» አልሽኝ። ያን ጊዜ ሳቅኩብሽ። ቢውላ ከመጋረጃው ወዲያ «ሞተች እንዴ? ድምጿ ጠፋ!» ስትል ዝም ያልኩት ተኝቼ ነው። ማንም ሳይቆጣኝ፣ ቀን፣ ሰው ፊት ተኛሁ። ስነቃ እጅሽ እዚያው ነበር።

ያዘዝሽኝን አደረግኩ። በየጠዋቱ ግድግዳው ፊት ቆሜ የቀኝ ጣቶቼን ወደ ላይ አስኬዳለሁ፤ የደረስኩበት ላይ በእርሳስ አሰምራለሁ። የመጀመሪያው መስመር በደረቴ ትክክል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመዝሙሩን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አወረድኩ፤ ቢውላ «ማን ረዳሽ?» አለችኝ። «የሚልዳ ሐኪም» አልኳት። ዲትሮይትን አንድም ቀን አላነሳሁም።

ሐሙስ ዕለት መስመሩ የቁም ሣጥኑን አናት አለፈ።

ቆርቆሮውን አወረድኩት። አቧራው ጣት ያህል ሆኗል። ወረቀቱን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት፤ ቢጫ ሆኗል፣ መስቀሌ ግን እንዳለች አለች። ከሥሯ ባዶ ቦታ ነበር። ለካ እስከ ዛሬ ባዶውን ቦታ አላየሁትም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ እርሳሱን ትቼ ብዕር አነሳሁና እንዲህ ጻፍኩበት፦

«እንጨት አልፈለጥኩም። ሦስት ቀን አሠርተውኝ ማሽኑ ላይ ቆሜ ተኝቼ ነው። አርዴላ ስፐርሎክ።»

ፊደሎቹ ትንሽ ጠመም ብለዋል። አልቸኮልኩም ግን፤ ሙሉውን ከሰዓት ወስጄበታለሁ።

አክስትሽ አርዴላ